የማያስከፍል ጾም፣ ማንም ጋ የማይደርስ መሥዋዕት

የጉለሌው (ሰኞ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ ወንድሞችና እህቶች። እንኳን ለዐቢይ ጾም አደረሳችሁ።

ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር የምንከራከርበት አንድ ጥያቄ አለ። ጾማችን ከእኛ የሚወስደው ነገር የት ነው የሚሄደው?

ላብራራ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ 55ቱንም ቀን ምንም ሳይጎድልብህ መጾም ትችላለህ። የጾም ቡፌ አለ። የጾም በርገር አለ። የጾም ኬክ አለ። ማኪያቶው በኦቾሎኒ ወይም በአኩሪ አተር ወተት ይሠራልሃል። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ወጪዬን እመዘግባለሁ። በጾም ወቅት የምግብ ወጪዬ ከፍስኩ ይበልጣል። የብዙዎቻችሁም እንደዚያው ይመስለኛል።

ኬኩን ልቃወም አይደለም የመጣሁት። የበላም አይኮነን። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አያቴ ሰላሌ ነበረች። ላሞች ነበሯት። በዐቢይ ጾም ወተቱ ስለማይጠጣ ይናጣል፤ ቅቤው ይጠራቀማል። ሆሳዕና ሲደርስ ይከፋፈላል። አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለገበያ፣ አንዱ ደግሞ ከወንዝ ማዶ ለነበረች ላም ለሌላት ባልቴት። ያቺ ሴት የፋሲካ ዶሮዋን የምትሠራው በዚያ ቅቤ ነበር። አያቴ ጾማ የተወችው ወተት በቀጥታ የሌላ ሰው ድስት ውስጥ ገባ። የእኔ ጾም ግን ማንም ድስት ውስጥ አይገባም። ገንዘቡ ከሥጋ ቤት ወጥቶ ኬክ ቤት ይገባል፣ በቃ።

ዳዊት መሠዊያ ሊሠራ ወደ ኦርና አውድማ ሲሄድ ኦርና ሁሉንም በነፃ ልስጥህ አለው። በሬዎቹን ለመሥዋዕት፣ የመውቂያውን ዕቃ ለማገዶ። ዳዊት እንቢ አለ። ለአምላኬ ያለ ዋጋ መሥዋዕት አላቀርብም ብሎ 50 ሰቅል ብር ከፈለ። ሁለተኛ ሳሙኤል 24 ላይ ነው። ሁሌም ይህ ታሪክ ሲሰበክ የሚነገረው ስለ ዳዊት ነው። እኔ ግን ሰሞኑን ስለ ኦርና አስባለሁ። 50ው ሰቅል የገባው ኦርና እጅ ነው። ንጉሡ ሲሠዋ ባላገሩ አልተጎዳም።

እናንተ እንዴት ታዩታላችሁ?

ናቲ 4 ኪሎ (ሰኞ ማታ)

ወንድሜ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ግን እኔ ከሌላ አቅጣጫ ልምጣ።

ካምፓስ እያለሁ አልጾምም ነበር። ከልቤ ነው የምልህ፣ ረቡዕና ዓርብ መሆኑን እንኳ አላስታውስም። ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ቢሯችን አጠገብ ጥሩ የጾም ምግብ የሚሠራ ቤት ተከፈተ። ጓደኞቼ እዚያ ሲሄዱ አብሬ ሄድኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ሆንኩ። ከዚያ ነው ንስሐ አባት የያዝኩት። የጾም በርገሩ በር ሆነልኝ ማለት ነው።

ስለዚህ ለጀማሪው ቀለል ቢል ምናለ? ሮሜ 14 ላይ የሚበላ የማይበላውን አይናቅ፣ የማይበላም በሚበላው አይፍረድ ይላል። ገንዘቡ የት ሄደ የሚለው ግን ነክቶኛል። አስቤበት አላውቅም።

መቋሚያ (ማክሰኞ ጠዋት)

እኔ በሁለታችሁም አልስማማም። ሁለታችሁም የምታወሩት ስለ ምግብ ዓይነትና ስለ ገንዘብ ነው። ጾም መጀመሪያ የሰዓት ነገር ነው። የቤተ ክርስቲያናችን የሕግ መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥት፣ አንቀጽ 15 ላይ ጾምን ሲተረጉም በታወቀ ጊዜ ከምግብ መከልከል ነው ይላል፤ ሥጋ ለነፍስ እንዲታዘዝ። በዐቢይ ጾም በአዘቦት ቀን ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ የሚሆነው ለዚህ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሽሮ የበላና ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ክትፎ የበላ፣ ሆዱ ያው ሞልቷል።

ሌላው ደግሞ ስግደቱ ነው። ስለ መሥዋዕት ስታወሩ ስለ ጉልበት አንድም ቃል አላነሳችሁም። ሰሙነ ሕማማትን ከሰኞ እስከ ዓርብ ቤተ ክርስቲያን ውላችሁ ታውቃላችሁ? የሳምንቱ መጽሐፍ ግብረ ሕማማቱ ይነበባል። በየሰዓቱ ይሰገዳል። ኪርያላይሶን (አቤቱ ማረን) 41 ጊዜ ይባላል። እኛ ደብር ወለሉ ድንጋይ ነው። ረቡዕ ሲደርስ የሰው ጉልበት ያብጣል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አጥፈው ከጉልበታቸው ሥር ያደርጋሉ፤ ዕጥፉ በላብ ይርሳል። ስቅለት ማታ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባህን እየነካ ስግደት ሲያዝህ፣ እየተንቀጠቀጥክም ቢሆን በደስታ ትወርዳለህ። ይህንን በምን ገንዘብ ትተምነዋለህ?

ሰውነታችሁን ሕያው መሥዋዕት አድርጋችሁ አቅርቡ ነው የተባለው። ሮሜ 12። ቦርሳችሁን አይልም። ጾሙን ወደ ሒሳብ መዝገብ አታውርዱት።

የጉለሌው (ማክሰኞ ምሳ ሰዓት)

@መቋሚያ ወንድሜ፣ ስለ ስግደቱ ያልከው ሁሉ ልክ ነው። አላቃለልኩትም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ነጠላዋን አጥፋ የሰገደችው ሴት ስትወጣ በር ላይ የተቀመጠችውን አሮጊት ካየቻት፣ ስግደቷ እዚያ ድረስ አልደረሰም ወይ? ሁለቱን የለየናቸው እኛ ይመስለኛል።

ዲያቆን ዘባሕር ዳር (ማክሰኞ ማታ)

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ሁላችሁም መልካም አነሳችሁ። ትንሽ ከጥንቱ ልጨምር።

የጉለሌው ያነሳው የወጪ ነገር አዲስ አይደለም። ‹እረኛው› የሚባለው የሄርማስ መጽሐፍ በሁለተኛው መቶ ዘመን ሮም ውስጥ የተጻፈ ነው። በዚያ ላይ ለጾመኛ የተሰጠ መመሪያ አለ። በጾም ቀንህ እንጀራና ውኃ ብቻ ቅመስ። ከዚያ በዚያ ቀን ልትበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስላ። ያንን ለባልቴት፣ ለድሃ አደግ ወይም ለተቸገረ ስጥ። ይህ መጽሐፍ ጥንት ወደ ግእዝ ተተርጉሞ በሀገራችን ገዳማት ኖሯል። አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ ተጓዥ በ1847 እ.ኤ.አ. ቅጂውን ያገኘው ጉንዳ ጉንዶ ገዳም ነው። አባቶቻችን ያነቡት ነበር ማለት ነው። ስለዚህ @መቋሚያ፣ ወንድሜ፣ ሒሳቡ ከጾሙ ውጪ የመጣ እንዳይመስልህ።

ግን አንተም ያልከው አይወድቅም። ሄርማስ መጀመሪያ እንጀራና ውኃ አለ፤ ስሌቱ ቀጥሎ መጣ። ሰውነቱ ካልራበ የሚሰላ ነገር አይተርፍም። የጾም ቡፌው ችግር እዚህ ላይ ነው። ሥጋም አልደከመ፣ ድሃም አልጠገበ።

ኢሳይያስ 58ን በጾም ሁላችንም እንሰማዋለን። ሕዝቡ ‹ስለ ምን ጾምን አንተም አልተመለከትኸንም?› ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ እንጀራህን ለተራበ ቁረስ፣ ቤት የሌላቸውን ድሆች ወደ ቤትህ አግባ የሚል ነው። ልብ በሉ፣ ጾሙን ተዉት አላላቸውም። በጾማችሁ ቀን ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ ነው ያላቸው። እኔ ይህን ጥቅስ ሳነብ የቤት ሠራተኞቻችን ይታወሱኛል። እመቤቲቱ ሰባቱን አጽዋማት ትጾማለች፤ ልጅቷ ግን ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥታ እኩለ ሌሊት ትተኛለች፤ አንድ እሁድ ቅዳሴ ሂጂ ያላት የለም። እንዲህ ያለ ቤት ሁላችንም እናውቃለን።

በስሙ የተጠራ ቅዳሴ ያለን ዮሐንስ አፈወርቅም በማቴዎስ ወንጌል ትርጓሜው፣ በ50ኛው ድርሳን፣ ይህን አጥብቆ ተናግሯል። የክርስቶስን ሥጋ ማክበር ትፈልጋለህ? እንግዲያው ራቁቱን ስታየው አትለፈው። በቤተ መቅደስ ሐር እያለበስከው ውጭ በብርድ አትተወው ይላል።

ከሪያድ (ረቡዕ ሌሊት)

ሰላም እህት ወንድሞቼ። አብዛኛውን ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው። ዲያቆን ስለ ቤት ሠራተኛ ሲጽፉ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው።

እዚህ ቤተ ክርስቲያን የለም። ቅዳሴ የምሰማው በስልክ ነው፣ ሁሉም ከተኙ በኋላ፣ በአንድ ጆሮ። አንዱን ጆሮ ክፍት እተወዋለሁ፣ ማዳም ከጠራችኝ እንድሰማ።

ሰሞኑን የእነሱም ረመዳን ከእኛ ጾም ጋር ገጥሟል። እነሱ ፀሐይ እስክትጠልቅ አይበሉም። እኔ ማፍጠሪያቸውን እሠራለሁ። ሾርባው በሥጋ ነው፣ ሳምቡሳው በሥጋ ነው፣ ጣፋጩ በቅቤና በክሬም ነው። ጨው መቅመስ አልችልም። በደህናው ጊዜ የቤቱን ልጅ ቅመሺልኝ እላት ነበር፤ አሁን እሷም ጾማለች። ስለዚህ ጨውን በእጄ እለካለሁ። መዳፌ መሐል ላይ አድርጌ አየዋለሁ፣ ከዚያ እጨምራለሁ። ሽታውን እሰማለሁ። ሲያፈጥሩ ማዳም ቀና ብላ ‹ዛሬ ልክ ነው› ካለችኝ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። እኔ ዳቦ በቲማቲም ወይም ፉል እበላለሁ። ዘይቱን ራሴ ነው የማደርገው፣ ቅቤ እንዳይነካው።

ይህን የምጽፈው እዘኑልኝ ብዬ አይደለም። ማዳም ጾሜን ታከብርልኛለች፤ እኔም የእሷን አከብራለሁ። ልል የፈለግኩት ስለ ገንዘቡ ነው። ከደመወዜ አብዛኛውን ለቤተሰብ እልካለሁ፣ ታናሽ ወንድሜን አስተምራለሁ። ሁልጊዜ ይህንን ግዴታዬ ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ አሥራት እንኳ አላወጣሁም ብዬ እጨነቅ ነበር። የአያትህን ቅቤ ሳነብ ግን አለቀስኩ። እኔ ያልበላሁት ወንድሜ ጋ ደርሷል። ይህ እንደ መሥዋዕት ይቆጠራል? ዲያቆን ይመልሱልኝ።

ዲያቆን ዘባሕር ዳር (ረቡዕ ጠዋት)

እህቴ፣ ቅዱስ ጳውሎስ እስር ላይ ሆኖ የፊልጵስዩስ ምእመናን በአፍሮዲጡ እጅ ስንቅና ገንዘብ ላኩለት። የላኩት ለሰው ነው፤ ለአንድ እስረኛ። እሱ ግን ሲመልስላቸው የመዓዛ ሽታ፣ የተወደደ መሥዋዕት፣ እግዚአብሔርን ደስ የሚያሰኝ ብሎ ጠራው። ፊልጵስዩስ 4፥18። አንቺ በየወሩ የምትልኪው ምን እንደሆነ ሐዋርያው ተናግሮልሻል። ስለ አሥራቱ ከንስሐ አባትሽ ጋር በስልክም ቢሆን ተነጋገሪ፤ ጭንቀቱን ግን ዛሬውኑ አውርጂው።

ናቲ 4 ኪሎ (ረቡዕ ጠዋት)

እህቴ የጻፍሽውን ቢሮ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት። ያ መዳፍ ላይ የሚለካ ጨው ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ፈጣሪ ይጠብቅሽ።

በርናባስ (ረቡዕ ከሰዓት)

እኔ የመሠረተ ክርስቶስ፣ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አማኝ ነኝ። ክሩ የኦርቶዶክስ ወገኖች መሆኑን አውቃለሁ። ካልከፋችሁ አንድ ነገር ልበል።

በ1974 ዓ.ም. ደርግ ቤተ ክርስቲያናችንን ዘጋ። ሕንፃው ተወረሰ፣ መሪዎች ታሰሩ። ያን ጊዜ 5 ሺህ ገደማ ምእመን ነበር። አባቴ ከነዚያ አንዱ ነው። ቤት ለቤት በጥቂት በጥቂቱ ሆነው መሰብሰብ ጀመሩ። እንደ ወትሮው ድምፅ አውጥቶ መዘመር የለም። አባቴ እንደሚለው መዝሙሩን በሹክሹክታ ይሉታል፣ እጃቸውን ግን አያጨበጭቡም፤ መዳፋቸውን ያገናኙና ይይዙታል። ጫማ አንድ ቦታ አይከመርም፣ በር ላይ ብዙ ጫማ ከታየ ጥርጣሬ ነዋ። አንዱ ቀድሞ ይገባል፣ ሌላው ሩብ ሰዓት ቆይቶ። ዘጠኝ ዓመት ገደማ እንዲያ ኖሩ። በ1983 እንደገና በግልጽ ሲሰበሰቡ ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ።

ወደ ጥያቄው ስመጣ፣ እኛም ዛሬ ያው ችግር አለብን። በእኛ ዘንድ ‹አምልኮ› ሲባል ሰው የሚያስበው መድረክና ኪቦርድ ነው። ድምፅ ማጉያው ጥሩ ከሆነ ‹ዛሬ አምልኮው ከባድ ነበር› ይባላል። አባቴ ዘመን አምልኮ ከባድ ነበር ሲባል ሌላ ነበር። የታሰሩትን ሰዎች ቤተሰብ ማን ያበላል የሚለው የጸሎቱ አካል ነበር። እያንዳንዱ ቡድን የሚያውቀው ቤት ነበረው። ጤፍ ይዋጣል፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ይዋጣል። አባቴ ዛሬ ድረስ ‹መዝሙሩን ስናሳጥር መዋጮውን አላሳጠርንም› ይላል።

ያሬዳዊ (ረቡዕ ማታ)

ይቅርታ ይደረግልኝና ይህ ስለ ዐቢይ ጾም የተከፈተ ውይይት ነው። የሌላ እምነት ታሪክ እዚህ ምን ያደርጋል? ሥርዓቱ ሌላ፣ ትምህርቱ ሌላ።

የጉለሌው (ረቡዕ ማታ)

@ያሬዳዊ ሥርዓታችን እንደሚለይ በርናባስም አልካደም፤ ፈቃድ ጠይቆ ነው የገባው። ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ መልሱም ጠቅሞኛል።

በ1971 ዓ.ም. ክረምት የሆነውን እናስታውስ። አቡነ ቴዎፍሎስ የእኛ ፓትርያርክ ነበሩ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ደርግ ሁለቱንም በዚያ አንድ ክረምት ገደላቸው። አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ቄስ ጉዲና ወደ ታንዛኒያ መውጣት ይችሉ ነበር፤ መንገዱ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። እነዚህን ሁለት ሰዎች አንድ ሥርዓት አላገናኛቸውም። ገዳያቸው ግን ለሁለቱም ያው ነበር።

መቋሚያ (ረቡዕ ማታ)

በዚህስ እስማማለሁ። በሊቢያ በረሃ በሚያዝያ 2007 በእምነታቸው የታረዱትን ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችም አስታውሱ። ከመካከላቸው የቂርቆስ ሰፈር ልጆች ነበሩ፤ ሥራ ፍለጋ የወጡ፣ እንደ ናቲ ያሉ ወጣቶች። ስለ ስግደትና ስለ ሰዓት አጥብቄ የምናገረው ለዚህ ነው። ሰው ቢላ አንገቱ ላይ ሲያርፍ ‹አልክድም› የሚለው በዚያች ደቂቃ ተምሮት አይደለም። በልጅነቱ፣ በሰባት ዓመቱ፣ እናቱ ‹እስከ ስድስት ሰዓት ቆይ› ስትለው ነው የጀመረው። ራስን እንቢ ማለት ይለመዳል።

ሐኪም ነኝ (ሐሙስ ጠዋት)

አንድ ነገር ጣልቃ ልግባ፤ በየዓመቱ በዚህ ሰሞን የሚገጥመን ነው። ኢንሱሊን የሚወጉ የስኳር ሕመምተኞች በጾም ሰዓት ሳይበሉ መድኃኒቱን እንደ ወትሮው እየወሰዱ ራሳቸውን ስተው ይመጣሉ። ነፍሰ ጡሮችም እንዲሁ። እባካችሁ ሐኪማችሁንም ንስሐ አባታችሁንም ሳታማክሩ አትጀምሩ። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ የምትሰጠውን ፈቃድ ካህናቱ ያውቃሉ። ላብ ላብ ካላችሁ፣ እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ፣ ዓይናችሁ ከተጭበረበረ ወዲያው ጣፋጭ ነገር ውሰዱ። @መቋሚያ ስለ ሰዓት ያልከውን የስኳር ሕመምተኛ እናትህ ብታነበው ምን ታደርግ ነበር ብለህ አስብልኝ ወንድሜ።

መቋሚያ (ሐሙስ ጠዋት)

እግዚአብሔር ይስጥልን ዶክተር። እኔ የጻፍኩት ለጤነኛ ነው። የታመመ ካህኑ እንዳዘዘው ይጹም።

ወለተ ሩት (ሐሙስ ሌሊት)

ሁላችሁንም ሳነብ ቆየሁ። እንቅልፍ ስለማልተኛ ጊዜ አለኝ።

እናቴ ስትሮክ መትቷት አልጋ ላይ ከዋለች ቆየች። እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት። ጀርባዋ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ አገላብጣታለሁ። ቀን ቀን ጎረቤት ብቅ ይላል፤ ሌሊቱ የእኔ ነው። ካህኑ ለእሷ ወተትና እንቁላል ፈቅደውላታል። አጥሚት በወተት አፈላላታለሁ፣ በማንኪያ አጎርሳታለሁ፤ ግማሹ በአገጯ ይወርዳል፤ እጠርገዋለሁ። አንዳንዴ ከድካም ብዛት እጄ ላይ የቀረውን ሳላስበው እልሳለሁ። ከዚያ ጾሜ ፈረሰ ብዬ እጨነቃለሁ።

ቅዳሴ ከሄድኩ ብዙ ቆየሁ። የማርያም ደወል እቤቴ ይሰማል። ሲደወል በተቀመጥኩበት አማትባለሁ። ስግደት አልሰግድም፤ እናቴን ሳነሳና ሳስተኛ ወገቤ አልቋል። @መቋሚያ ስለ ሕማማት የጻፍከውን ሳነብ ቀናሁ። እኔም ድሮ ከእናቴ ጋር እዚያ ነበርኩ። ነጠላዬን የምታጥፍልኝ እሷ ነበረች።

የእኔ እንዴት ይታያል? አምልኮ የሚባል ነገር የቀረኝ አይመስለኝም።

ዲያቆን ዘባሕር ዳር (ዓርብ ጠዋት)

እህቴ፣ ስለ ባስልዮስ ልንገርሽ። ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ ይጠራል። በአራተኛው መቶ ዘመን በቀጰዶቅያ ረኃብ ሲገባ ርስቱን ሸጦ ሕዝቡን መገበ። ከዚያ ከቂሣርያ ከተማ ወጣ ብሎ ለድሆችና ለሕሙማን ትልቅ መጠለያ ሠራ። የሥጋ ደዌ በሽተኞችን ሰው በሚሸሽበት ዘመን እሱ በገዛ እጁ ያስታምማቸው ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ይቀድሳል። ለእሱ ሁለቱ አልተለያዩም፤ በዚያው እጅ ነበር የሚያደርጋቸው።

በአገጯ የወረደውን ስትጠርጊ ታምሜ ጠይቃችሁኛል ያለውን ነው የጠረግሽው። ይህንን ለማጽናናት አልልም፤ ማቴዎስ 25 ላይ በግልጽ ተጽፏል። እጅሽ ላይ የቀረውን ስለመላስሽ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ቀላል መልስ ይሰጡሻል ብዬ አምናለሁ።

ሌላም ልበል፤ ይህኛው ለእኛ ነው። አንቺ ከቅዳሴና ከቁርባን ልትቀሪ አይገባም። ‹የእናትሽ አልጋ ቅዳሴሽ ነው› ብሎ ሸኝቶሽ የሚሄድ ሰው ካለ አትቀበዪው። ደወሉ የሚሰማበት ቤት ውስጥ አንዲት ሴት ብቻዋን ሌሊቱን የምታነጋ ከሆነ፣ ያ ደብር የሚያስበው ነገር አለ። ማኅበራቱ፣ ሰንበቴው፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ።

በርናባስ (ዓርብ ጠዋት)

አሜን። የእኛንም ቤት ጨምረህ።

የጉለሌው (ዓርብ ምሳ ሰዓት)

ወለተ ሩት፣ እህቴ፣ የምትኖሪው አዲስ አበባ ከሆነ በውስጥ መስመር ሰፈርሽን ጻፊልኝ። ስምሽንም ሆነ ቤትሽን እዚህ አትጻፊ።

ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ሁለት እህቶች አሉ። አንዷ ነርስ ነች፤ ሰው ማገላበጥ ታውቃለች። ዛሬ ጠዋት አነጋገርኳቸው። ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ሌሊት እነሱ እናትሽ ጋ ይቀመጣሉ፣ አንቺ ቅዳሴ ትሄጃለሽ። አንድ እሁድ ብቻ አይደለም። እስከ ትንሣኤ በየሳምንቱ ተራ እናወጣለን፤ በሕማማትም ዓርብን ጨምረን። ከትንሣኤ በኋላ ያለውን ደግሞ እንነጋገራለን።

ናቲም ደውሎልኛል። የምሳ ገንዘቡን ለምን ሊያውለው እንዳሰበ ነግሮኛል። ዝርዝሩን እዚህ አልጽፍም፤ ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ተብሏልና።

ናቲ 4 ኪሎ (ዓርብ ከሰዓት)

እኔ ማገላበጥ አልችልም፣ ግን መኪና አለኝ። ልጆቹን ሌሊት አደርሳቸዋለሁ።

መቋሚያ (ዓርብ ማታ)

እኔ ቅዳሜ ሌሊት ማኅሌት ስለምቆም መምጣት አልችልም። የአዘቦት ቀን ከሆነ ግን ከሥራ በኋላ ነፃ ነኝ። አልጋ ማንሳት፣ ውኃ መቅዳት፣ መድኃኒት መግዛት፣ የወንድ ጉልበት የሚፈልግ ነገር ካለ ንገሩኝ።

ወለተ ሩት (ቅዳሜ ጠዋት)

ምን እንደምል አላውቅም። እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ለየጉለሌው በውስጥ መስመር ጽፌያለሁ። ለካ ቅርብ ለቅርብ ነን።

መቁረብ እፈልጋለሁ። ንስሐ አባቴን ትናንት ማታ በስልክ አግኝቻቸው ነበር፤ ይሁን ብለውኛል። ከቁርባን በፊት የሚጾመውን 18 ሰዓት ዛሬ ከሰዓት እጀምራለሁ። ስለዚህ እህቶቼ ሌሊት 9 ሰዓት ቢደርሱልኝ ይበቃል፣ ከቅዳሴ በፊት ያለው የኪዳን ጸሎት ላይ እደርሳለሁ። እናቴ በግራ ጎኗ ስትተኛ ነው የሚሻላት፤ ትራሱን ከጉልበቷ መሐል አድርጉላት። ሰው ስታይ መጀመሪያ ትደነግጣለች፣ እጇን ከያዛችኋት ትረጋጋለች። የግፊት መድኃኒቷ ጠዋት 1 ሰዓት ነው፤ ከአጥሚቱ በኋላ ስጧት። ሰዓቱን በወረቀት ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ እለጥፈዋለሁ። ቁልፉ ጎረቤት አለ።